ጳጉሜን ስድስት በሩ አልጠየቀም

በሩ እንደ ወትሮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጠየቀ።

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ያፌት?»

«ይመስገን» አለ ያፌት፣ ጥርሱን እየፋቀ።

«እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ሄራን?»

ሄራን ከትራሷ ቀና ብላ ትንሽ አሰበች። «ሰባት» አለች በመጨረሻ። «ሰባት ተኩል ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን ጉልበቴን ትንሽ ይዞኛል። ሰባት ይበቃል።»

«ደስ ብሎናል» አለ በሩ።

ከዚያ በውጭ በኩል፣ ደረጃ የሚወርድ ሰው ሁሉ በሚያየው ፊቱ ላይ፣ የሄራንን መስመር አራት ነጥብ ወደ ላይ ሰቀለው።

በሁለት ሺህ ዘጠና ሁለት ዓ.ም. በሣር አምባ ሳይት የሚኖር ሰው ሁሉ ሁለት ዝርዝር ነበረው። አንደኛው ቃሉ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለበሩ የሚሰጠው መልስ፣ ከአስር የሚታሰብ። ሁለተኛው አካሉ ነው፤ በዚያችው ሰዓት ከእጁ አምባር የሚነበብ፣ እሱም ከአስር። ሁለቱ ዝርዝሮች ወደ ልዩነት ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። እዚያ አንዱ ከአንዱ ይቀነሳል፤ የተረፈው በየሰው በር ላይ መስመር ሆኖ ይሰመራል። ከዜሮ በላይ የወጣ፣ አካሉ ከሚለው አብልጦ ተናግሯልና ሸፋኝ ይባላል። ከዜሮ በታች የወረደ አማራሪ ነው። ዜሮ ላይ የተኛው ታማኝ ነው።

ዝርዝሮቹን ራሳቸውን ግን ማንም አያይም። የሰው ቃልና የሰው አካል የግል ምስጢሩ ነው ተብሎ በሕግ ተከልሏል። የሕዝብ የሆነው ልዩነቱ ብቻ ነው።

አሠራሩ በተጀመረ ሰሞን አንድ ችግር ተፈጥሮ ነበር። አገሩ በሙሉ ሸፋኝ ሆኖ ተገኘ። እግሩ የተሰበረውም፣ ከሥራ የተባረረውም፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ ያልዞረም በሩ ሲጠይቀው «ይመስገን» ይላል፤ በሩም ስምንት ብሎ ይጽፋል። የትልልቆቹ ባለሥልጣናት በር ሳይቀር እንደ ተራራ ጫፍ ሾለ። በስድስተኛው ሳምንት ማሻሻያ ወጣ፤ «ይመስገን» ያለ ሰው፣ አካሉ የሚለውን ቁጥር፣ ስንትም ይሁን ስንት፣ እንዳለ ተደርጎ ይቆጠርለታል ተባለ። በማግስቱ አገሩ እንዳለ ዜሮ ላይ ተኛ። ድግስ ተደገሰ፤ ንግግር ተደረገ።

ከማሻሻያው የተገለሉት ሕሙማን ብቻ ነበሩ። የሕክምና ቦታ የያዘ ሰው በቁጥር መመለስ አለበት። ሄራን ደግሞ በኩላሊት እጥበት ማዕከል ወንበር አላት፤ አንድ ቀን ታጥባ አንድ ቀን ታርፋለች። በታጠበች ማግስት ሰባት ሆና ትነሣለች። በሚቀጥለው ቀን፣ እጥበቱ ሲርቃት፣ ፊቷ አብጦ፣ እግሯ ከብዶ፣ ሦስት ሆና ትነሣለች። ወንበሩ የሚጸናላት የሠላሳ ቀን ልዩነቷ በአማካይ ከሦስት እስካልበለጠ ድረስ ነው። ቃሉ በማይታመን ሰው ላይ ማሽን አይባክንም። እንዲህ የሚል ሰሌዳ ማዕከሉ ደጃፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ዙሪያው በአበባ ሐረግ ያጌጠ ነው።

በዚህ በኩል ያፌት ሰግቶ አያውቅም። ሚስቱ እውነት በመናገር ሰው የምታስቀይም ሴት ናት። የሠርጋቸው ዕለት «በደስታም በኀዘንም አብረሽው ትኖሪያለሽ?» ስትባል «በደስታው እሺ፤ ኀዘኑን ስንደርስበት እናየዋለን» ብላ ሚዜዎቹን አስደንግጣለች። ያፌት ይህንን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲያወራው ኖሯል። አሠራሩ ከተጀመረ ወዲህ ባሉት ዓመታትም መስመሯ እንደ ክር ቀጥ ብሎ፣ ዜሮን ሳይለቅ ኖሯል።

እስከዚህ መስከረም ድረስ።

የፊት ለፊት ጎረቤታቸው እማማ ብሌን ነበሩ መጀመሪያ ያስተዋሉት። ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው በሩ ፊት ቆሙ።

«ያፌትዬ፣ ምነው በራችሁ ጥርስ አበቀለ?»

ያፌት ወጥቶ አየ። እውነታቸውን ነው። አራት ወደ ላይ፣ አራት ወደ ታች፣ አራት ወደ ላይ፣ አራት ወደ ታች። መጋዝ ይመስላል።

«ሄሩ ምን ሆነች? ዛሬ ትሸፍናለች፣ ነገ ታማርራለች። አንዱን ብትይዝ አይሻላትም?»

«እማማ፣ እሷ የሆነችውን ነው የምትናገረው።»

«እሱ ነዋ ችግሩ! እኔ ባለፈው ከደረጃ ወድቄ ጎኔን ሲሰብረኝ ምን አልኩ? ይመስገን። ዜሮዬ ንቅንቅ አላለም።» በራቸውን በኩራት መታ መታ አደረጉት። መስመራቸው በውኃ ልክ የተለካ ይመስል ነበር።

መስከረም ሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያው መጣ። የወይዘሮ ሄራን ልዩነት፣ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች እኩል ተቆጥሮ፣ በሠላሳ ቀን አማካይ አራት ነው። እስከ ጥቅምት ዘጠኝ ከሦስት በታች ካልወረደ ወንበሩ ለሌላ ታካሚ ይዛወራል። ከታች «መልካም ጤንነት እንመኛለን» ይላል።

ሄራን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ያፊ፣ እኔ ዋሽቻለሁ?»

«አልዋሸሽም።»

«እኔ የማላውቀው ውሸት ሊኖር ይችላል እኮ። ምናልባት አምሮኝ ሰባት እላለሁ፣ አካሌ ግን…»

«አልዋሸሽም አልኩሽ» አለና ሱቁ ሄደ።

ያፌት መጋረጃ ሰፊ ነው። ያን ቀን የአንድ አዳራሽ መጋረጃ ይሰፋ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ጨርቅ፣ እያንዳንዱ መስመር አውራ ጣት የሚያህል። ሁለት ቁራጭ ሲገጣጠም መስመሩ ከመስመሩ መግጠም አለበት። ሐሳቡ ግን ቤት ነበርና ሦስት ሜትር ከሰፋ በኋላ ነው ቀና ብሎ ያየው። አንድ መስመር ስቶ ነው የሰፋው። ነጩ ከጥቁሩ፣ ጥቁሩ ከነጩ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳይገጥም። ጨርቁ ላይ እንከን የለም። በዚህም በዚያም ያለው ቁራጭ ያው ነው። የተበላሸው አገጣጠሙ ነው።

መርፌውን ከጨርቁ ሳያወጣ ተነሣ።

«ሄሩ» አለ ቤት እንደገባ፣ «ጥርሱ የጀመረው መቼ ነው?»

«እንቁጣጣሽ ዕለት።»

«ከዚያ በፊት ባለው ቀን ምን ሆነ?»

ሄራን ጣሪያውን አየች። «ምንም። ጳጉሜን ስድስት ነበር። ደስ የሚል ቀን ነበር እንዲያውም፤ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛሁ።»

«እስከ ሦስት ሰዓት? በሩስ?»

«በሩማ አልጠየቀንም» አለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ።

የልዩነት ጽሕፈት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ የተቀመጠችው ወይዘሪት የሺመቤት ትባላለች፤ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን የሽማግሌ ስም ያፌት፣ ሄራን፣ ብሌን ነበር፤ የወጣት ስም ደግሞ የሺመቤት፣ አጥናፍሰገድ፣ ወለተሐና።

«አባባ፣ እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ሸፋኝ አይቻለሁ፣ አማራሪ አይቻለሁ» አለችው መስመሩን እያየች። «ተራ እየጠበቀ ሁለቱንም የሚሠራ ሰው ግን አላየሁም። እናታችን ምን ሆነው ነው?»

«እሷ ምንም አልሆነችም። እናንተ ናችሁ የሆናችሁት።»

ከኪሱ ሁለት የጨርቅ ቁራጭ አውጥቶ መስኮቱ ላይ ዘረጋ።

«ይሄ ቃሏ ነው። ነጩ ደህና ያደረችበት፣ ጥቁሩ የታመመችበት። ይሄኛው ደግሞ አካሏ። ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ምን ታያለሽ?»

«ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር።»

«አሁን አካሏን በአንድ መስመር ላንሸራትተው።»

አንሸራተተው። የሺመቤት በጣቷ ተከተለችው፤ ነጭ ከጥቁር፣ ጥቁር ከነጭ።

«ጳጉሜን ስድስት በሩ አልጠየቀንም» አለ ያፌት። «አምባሩ ግን ለክቷል። አምባሩ በዓል አያውቅም።»

ልጅቷ መሳቢያዋን ስባ የቃል መመዝገቢያውን ባዶ ቅጽ አወጣች። የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ በጣቷ ቆጠረች። «ጳጉሜን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት…» ገጹን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። ቅጹን ያዘጋጀው ከዶክተሮች የተውጣጣ ኮሚቴ ነበር። ጳጉሜን ስንት ቀን ናት ተብሎ አንደኛ ክፍል የሚጠየቀውን ጥያቄ፣ ኮሚቴው መልሶታል፤ ግማሹን። አሠራሩ ከተጀመረ ወዲህ ስድስተኛዋ ቀን ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ወይኔ!» አለች በሹክሹክታ። «የዛሬው ቃል ከትናንቱ አካል ጋር ነው የሚቀነሰው። አገሩ እንዳለ አንድ ረድፍ ተንሸራቷል!»

«ታዲያ ማንም አላወቀም።»

«ይመስገን ባዩማ በምን ያውቃል? ከየትኛውም ቀን አካል ጋር ቢያጣብቁት ዜሮ ነው። እንደ እናታችን ቀን በቀን የሚለዋወጥ ሕመምተኛ ደግሞ ጥቂት ነው።»

ያፌት ጨርቁን ማጠፍ ጀመረ። ያለቀለት መስሎት ደረቱ ቀለል አለው። «እንግዲህ አስተካክይልኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ምኑን?»

«ዝርዝሩን ነዋ።»

«ዝርዝሩን ማየት አይፈቀድልኝም እኮ፣ አባባ። እኔ የማየው ልዩነቱን ነው።»

«አሁን እዚሁ አይተሽው የለም እንዴ!»

«ያየሁት ጨርቅ ነው።»

ከኋላ ተራ የያዙ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። የሺመቤት ፊቷ ቀላ። አቤቱታ ማስገባት ይቻላል አለች። የያፌት ዜሮ ንጹሕ ስለሆነ አቤቱታውን ይቀበሉታል፤ መልሱ በመቶ ሃያ የሥራ ቀን ውስጥ ይደርሳል።

«ወንበሩ ያለው ዘጠኝ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በግሌ አምኜዎታለሁ።»

ያፌት አቤቱታውን ሞላ፤ ጨርቁን አያይዞ፣ በግል መታመኑን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሄራን ነገሩን ስትሰማ እስኪያስላት ሳቀች። «እና አሁን እኔ በእነሱ ቤት የትናንት ሴት ነኝ?»

«የትናንት አካል ያለሽ የዛሬ ሴት።»

«እንግዲያው የትናንቱን እንንገራቸዋ!»

«እንዴት ማለት?»

«ነገ ሲጠይቀኝ ዛሬ እንዴት እንደነበርኩ እነግረዋለሁ። ከነገ ወዲያ ደግሞ የነገውን። አካሌ ከትናንት ጋር ከሆነ ቃሌም ትናንት ይሁን።»

«ይሄ እኮ ውሸት ነው፣ ሄሩ።»

«ውሸት አይደለም። እውነቱን አንድ ቀን አሳድሬ ነው የምነግራቸው።»

ያፌት ወረቀት ላይ አሰላ። ስምንት ቀን ዜሮ ቢገባ፣ የቀሩት ሃያ ሁለት ቀኖች አራት አራት ቢሆኑ፣ ለሠላሳ ሲካፈል ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። በስምንት ቀን ይደርሳል። በሰባት አይደርስም።

በማግስቱ ጠዋት ሄራን ሰባት ሆና ነቃች፤ ፊቷ ጠርቷል፣ ዓይኗ በርቷል። «እንዴት አደሩ?» ሲላት ግን ትናንትናዋን አስታውሳ «ሦስት» አለች።

«አይዞዎት» አለ በሩ፣ በሐዘኔታ።

በውጭ በኩል መስመሩ ዜሮ ላይ አረፈ። በሁለተኛው ቀን ፊቷ አብጦ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋ እምቢ እያላት «ሰባት» አለች። «ደስ ብሎናል» አለ በሩ። መስመሩ ዜሮ። እንዲህ እንዲህ እያለ በስምንተኛው ቀን፣ ጥቅምት ስምንት፣ አማካዩ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሆነ። ወንበሩ ተረፈ። ያፌት ከማዕከሉ ወጥቶ መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው አቀፈ።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ መኖር ጀመረ። ሄራን ሕመሟ ሲብስ ለበሩ ትደሰታለች፤ ደህና ስትሆን ታቃስታለች። መጀመሪያ ላይ ያሥቃቸው ነበር። በሩ «አይዞዎት» ባላት ጠዋት ተነሥታ ልብስ ታጥባለች፤ «ደስ ብሎናል» ባላት ጠዋት ተመልሳ ትተኛለች። ከጊዜ ብዛት ግን ያፌት አንድ ነገር ጠፋው። ማታ ሲገባ «እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም ትንሽ ትዘገያለች። የትኛውን እንደምትነግረው እያሰበች ነው።

ስለዚህ መጠየቁን ተወ። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን ከእግሯ ገለጥ አድርጎ፣ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የለካበትን አውራ ጣቱን ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ተጭኖ ያነሣል። ጣቱ የተወው ጉድጓድ ቶሎ ከሞላ ቀኑ ደህና ነው። ካልሞላ፣ አይደለም። ይህን ልኬት ማንም ከምንም ጋር አይቀንሰውም።

«ስንት ነኝ?» ትለዋለች እየሣቀች።

«ግማሽ አውራ ጣት።»

ጥር ላይ ብርድ መታት። ሳፋ አቅፋ ስታስመልስ በሩ ጠየቀ። ትናንት ከሌላው ጊዜ ሁሉ የተሻለ ቀን ነበር። አፏን ጠርጋ «ስምንት» አለች።

«ደስ ብሎናል» አለ በሩ።

ያፌት በሩን በእግሩ መታው። «እንግዳ መጥቷል» አለ በሩ።

በዚያው ወር የታማኝነት ምስክር ወረቀት መጣላት። በሣር አምባ ሳይት ካሉ ሕሙማን ሁሉ ቃሏና አካሏ ለተከታታይ ዘጠና ቀን አንድ ሆኖ የተገኘ እሷ ብቻ ናት። እማማ ብሌን ሊያዩት መጡ። «እንደሱ ነው እንጂ!» አሉ። «ታዲያ እስካሁን ምን አሳሳተሽ?»

«እውነት» አለች ሄራን።

ሚያዝያ ውስጥ፣ በእጥበቷ ቀን፣ ከቀትር በፊት በሩ «እንግዳ መጥቷል» አለ፤ ይህን ጊዜ እውነቱን ነበር። የሺመቤት ናት። ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ራሷ ድረስ መጥታለች። የምሥራች የያዘ ሰው ፊት ነበራት።

«አባባ! አቤቱታዎ ጸደቀ! ጨርቁን ለኃላፊዬ አሳየሁት፣ እሱም ለኃላፊው አሳየው። ከመስከረም አንድ ጀምሮ ያለው ዝርዝር በሙሉ አንድ ረድፍ ተስቦ ተስተካከለ። ዛሬ ጠዋት! የመላው አገር!»

ያፌት የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። «ከመስከረም አንድ ጀምሮ?»

«እስከ ዛሬ ድረስ።»

በሩን ከፍቶ ውጭውን አየ። መስመሩ ተሠርቷል። መስከረም፣ ያ ሁሉ ጥርስ የነበረው መስከረም፣ ዜሮ ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቷል፤ ሄራን አንድም ቀን አልዋሸችም ነበር። ከጥቅምት አንድ ጀምሮ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ መጋዝ ነው። አራት ወደ ላይ፣ አራት ወደ ታች።

የሺመቤት ከጎኑ ቆማ አየች። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ዞራ፣ አልጋው ላይ ለእጥበት ለመሄድ ነጠላዋን እየደረበች ያለችውን ሄራንን አየች፣ ፊቷን፣ ያበጠ እግሯን፣ መልሳም መስመሩን።

«አንድ ቀን እያሳደሩ ነበር የሚናገሩት?» አለች።

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ» አለ ያፌት። «የዛሬው ቃል ከትናንቱ አካል ጋር ነው የሚቀነሰው አልሽ።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በሩ ውስጥ ደወል ነገር ጮኸ። «የወይዘሮ ሄራን የሠላሳ ቀን አማካይ ልዩነት አራት ነው። ወንበሩ ከዛሬ ጀምሮ ተዛውሯል። መልካም ጤንነት እንመኛለን።»

«ሌላ አቤቱታ አስገባለሁ» አለ ያፌት።

«አባባ…»

«መቶ ሃያ ቀን፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን አሁን እያየሻት ነው። እንዲህ ሆና አየኋት በይ።»

«ዓይን አይመዘገብም» አለች የሺመቤት፣ እንባዋ እየወረደ። «ልዩነት ብቻ ነው የሚመዘገበው።»

ሄራን ነጠላዋን አውልቃ አጠፈችው። «ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ። ያፊ፣ ለልጅቷ ውኃ ስጣት። ስንት ቀን ነበር ያልከኝ ያኔ? ስምንት አይደል? አሁን በዕለቱ እውነቱን ከተናገርኩ ስምንት ቀን ነዋ።»

«ስምንት ነው» አለ ያፌት። ሁለቱም ሐኪሙ ያላቸውን ያውቃሉ። ያለ እጥበት አምስት ቀን፣ ብትጠነክር ስድስት።

ያን ሳምንት ያፌት ያልረገጠው ደጅ የለም። ሌላ ማዕከል ሄደ፤ ልዩነቷን ጠየቁት። የግል ሐኪም ቤት ሄደ፤ ልዩነቷን ጠየቁት። የሺመቤት አለቃዋ ቢሮ ገብታ ጮኸች ተባለ፤ በማግስቱ መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። እማማ ብሌን በየጠዋቱ እየመጡ እግሯን ያሹላት ነበር፤ ስለ በሩ ቃል አልተነፈሱም።

ሄራን ግን ሥራዋን ያዘች። በመጀመሪያው ቀን «ሁለት ተኩል» አለች። ዜሮ። በሁለተኛው ቀን «ሁለት»። ዜሮ። በአራተኛው ቀን «አንድ ተኩል»። ዜሮ። ሰባት ወር በሐሰት ስታሠለጥነው የከረመችው ምላስ ወደ እውነቱ ለመመለስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

በአምስተኛው ቀን ትንፋሽ ሲያጥራት ያፌት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ደወለ። የምትመልሰው ሴት ድምፅዋ የሚያረጋጋ ነበር።

«አባቴ፣ ታይቶኛል። የዛሬ ልዩነታቸው ዜሮ ነው። ምንም ችግር የለም።»

«ዜሮ የሆነው እሷም አንድ ብላ፣ አካሏም አንድ ሆኖ ነው! አንድና አንድ!»

«እሱን ማየት አይፈቀድልኝም፣ አባቴ። ዜሮ ግን በጣም ጥሩ ነው።»

በስድስተኛው ቀን «አንድ» አለች፣ ጆሮውን አፏ ላይ ካላስጠጋ በማይሰማ ድምፅ። በሩ ሰማት።

በሰባተኛው ቀን በሩ ሲጠይቃት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ያፌት ደንግጦ ጎንበስ ሲል ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ አየ።

«ይመስገን» አለች።

በሕይወቷ ለማንም እንዲህ ብላ አታውቅም።

«እባክዎ በቁጥር ይመልሱ» አለ በሩ።

«ቀልዴን ነው» አለች። «አንድ።»

ዜሮ።

በስምንተኛው ቀን ያፌት በሩ ሳይጠይቅ ነቅቶ ነበር። ብርድ ልብሱን ገልጦ አውራ ጣቱን ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ጫነ፤ አነሣ። ጠበቀ። ጉድጓዱ እንደሆነው ሆኖ ቀረ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሆነ።

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ያፌት?»

ያፌት አልመለሰም።

«እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ሄራን?»

በሩ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ቃሏ ባዶ ነበር፣ ዜሮ ተጻፈ። አምባሯም ያነበበው ነገር አልነበረም፣ ዜሮ ተጻፈ። አንዱ ከአንዱ ተቀነሰ።

«የዛሬ ልዩነትዎ ዜሮ ነው» አለ በሩ። «የሠላሳ ቀን አማካይዎ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሆኗል። ወንበርዎ ተመልሶልዎታል። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲገኙ። ደስ ብሎናል።»

ያፌት አውራ ጣቱን ወደ ጉድጓዱ መለሰና፣ እንዳይቀዘቅዝ ይመስል፣ እዚያው ይዞት ተቀመጠ።